«በ» ሁሉን አይችልም፦ ስለ ኢን፣ ኦን እና አት ድሬዳዋ ላይ የተናገርኩት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ለአስጎብኚዎች፣ ለሆቴል ሠራተኞች፣ ለትራንዚተሮች (የደንበኛን ዕቃ ከወደብና ከጉምሩክ ለሚያስለቅቁ) እና ለተማሪዎች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ ነው። ድግግሞሹን ቀንሻለሁ። ከተጠየቁት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን መጨረሻ ላይ አስገብቻለሁ።

እንደምን አመሻችሁ!

አቦ፣ ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ መግቢያ አላበዛም። የመጣሁት ስለ እንግሊዝኛ ትንንሽ ቃላት ላወራ ነው። ኢን፣ ኦን፣ አት። ከነሱ ቀጥሎ ባይ፣ አንቲል፣ ሲንስ፣ ፎር። ሁላችሁም ከታች ክፍል ጀምሮ ታውቋቸዋላችሁ። ጣጣውም እሱ ነው። የምናውቃቸው ስለሚመስለን መዝገበ ቃላት ገልጠን አናያቸውም።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንግባባ። እነዚህ ቃላት ላይ የሚሠራ ስህተት ሁሉ እኩል አይደለም። አንድ ሰው «አይ አም ኢን ዘ ባስ» ቢል ሰሚው ይገባዋል። ፈተና ከሆነ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ከዚያ ውጭ የሚጎዳ ሰው የለም። «ባይ» ማለት ሲገባው «አንቲል» ብሎ የጻፈ ትራንዚተር ግን ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ላይ ሊያድርበት ይችላል። «ኢን ቱ ዊክስ» እና «ዊዚን ቱ ዊክስ» ያልለየም ውል ሲፈርም ይጎዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቶሎ ቶሎ አልፌ ኋለኞቹ ላይ ልቆይ አስቤያለሁ። ዕቅዴ እሱ ነው፤ ስለ «ላይ» ማውራት ከጀመርኩ ግን እንደማላቆም የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

ለምን ይከብደናል? «በ» ስላለን ነው። «በ» እንደ ሰፈር ባለሱቅ ነው፤ የጠየቃችሁትን ሁሉ ያወጣላችኋል። በባቡር መጣሁ። በሦስት ሰዓት ደረስኩ። በሐምሌ ተመረቅኩ። በቢላ ቆረጥኩ። በሐረር ተወለድኩ። በመቶ ብር ገዛሁ። አልፎ ተርፎ «በእናትህ» ብለን እንለምንበታለን። እንግሊዝኛ እዚህ ውስጥ የተለያዩ ቃላት ይፈልጋል፤ ለባቡሩ ባይ፣ ለሰዓቱ አት፣ ለወሩና ለሐረር ኢን፣ ለቢላው ዊዝ፣ ለብሩ ፎር። እኛ ግን አንዷን «በ» ይዘን ገብተን የመጣልንን እንመዛለን። ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ደግሞ «ኢን» ነው።

ይህ የአማርኛ ተናጋሪ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቤቱ ሶማልኛ የሚያወራ አለ፤ ኦሮምኛ የሚያወራም አለ። ድሬ አይደል? ሶማልኛ ውስጥ «ኩ» የምትለዋ ቃል ቦታውንም፣ ጊዜውንም፣ የተሠራበትን መሣሪያም ትይዛለች። ኦሮምኛ ደግሞ ከቃሉ መጨረሻ «ቲ» ትለጠፍና ቦታውንም ሰዓቱንም ትጨርሳለች። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሁላችንም አንድ ጀልባ ላይ ባንሆንም አንድ ባጃጅ ውስጥ ነን። ልብ በሉ፣ «ውስጥ» አልኩ። ለምን «ላይ» እንዳላልኩ እመጣበታለሁ።

መላው ምንድን ነው? «በ»ን ለመተርጎም አትሞክሩ። ተዉት። ከሱ ይልቅ ስልክ ስታወሩ አፋችሁ ላይ የሚመጡትን ቃላት አድምጡ።

«የት ነህ?»

«ከዚራ።»

«ከዚራ የቱ ጋ?»

«ባቡር ጣቢያው ጋ።»

«ውስጥ ነህ ውጭ?»

«ውስጥ ገብቻለሁ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብያለሁ።»

ሦስቱም እዚህ አሉ። «ጣቢያው ጋ» ማለት «አት ዘ ስቴሽን» ነው። ውስጥ ልሁን፣ በር ላይ ልቁም፣ ከፊቱ ዛፍ ሥር ልጠለል ግድ የለኝም፤ ጣቢያው ምልክቴ ነው። ካርታ ላይ ያለች ነጥብ በሉት። «ውስጥ» ካላችሁ «ኢን» ነው፤ ዙሪያው የታጠረ ነገር አለ፣ እናንተም ከግድግዳው ወዲህ ናችሁ። «አግዳሚው ላይ» ካላችሁ «ኦን» ነው፤ የምትነኩት ገጽ አለ። ከዚራ ራሱ ሰፈር ነው፣ ወሰን አለው፤ «ኢን ከዚራ» ይባላል።

«ለእንግሊዝኛው አት የሚሆን ቃል አማርኛ ውስጥ የለም» ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። አለ እንጂ! «ጋ» ነው። የጽሑፍ አማርኛ ስላላከበረው ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ የምንጠቀምበት ነው። «ሱቁ ጋ ጠብቀኝ»፣ «መብራቱ ጋ ታጠፍ»፣ «ሐኪም ጋ ነበርኩ»፤ ሁሉም አት ናቸው። ሐኪሙም ሳይቀር፣ እንግሊዝኛው «አት ዘ ዶክተርስ» ይላል።

«ኦን» ግን ገጽ ብቻ አይደለም፤ መስመርም ነው። ወንዝ፣ መንገድ፣ ድንበር፣ የባሕር ዳርቻ፣ ሐዲድ መስመር ናቸው። ስለዚህ ድሬዳዋ «ኦን ዘ ሬይልዌይ ላይን» ናት። ከተማዋ የተወለደችውም ከዚያ መስመር ነው። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ታች ሜዳው ላይ ቀረና እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ደረሰ። «ደረሰ» ስል አማርኛው ምንም አልጨመረም፤ «ድሬ ደረሰ» በቃ። እንግሊዝኛውም «ሪችድ ድሬዳዋ» ሲል ምንም አይጨምርም። «አራይቭድ» ካላችሁ ግን መስተዋድድ፣ ማለትም እንደ ኢን፣ ኦን፣ አት ያለ ትንሽ ቃል፣ ትፈልጋላችሁ፤ ለከተማ «አራይቭድ ኢን»፣ ለጣቢያ «አራይቭድ አት»። «አራይቭድ ቱ» የሚባል ነገር የለም። ይህን ስህተት የማልሰማበት ሳምንት የለም፤ ምክንያቱ ደግሞ «ወደ» ነው፣ እሱን ሌላ ጊዜ።

ከተማ ኢን ነው ብያለሁ። ግን ከባቡሩ መስኮት ካያችሁት ከተማ ነጥብ ይሆናል። «ዘ ትሬይን ስቶፕስ አት አዋሽ»፤ ባቡሩ አዋሽ ጋ ይቆማል። ለባቡሩ አዋሽ ሰው የሚኖርባት ከተማ አይደለችም፣ ማቆሚያ ናት። ያቺው ከተማ ለነዋሪዋ «ኢን አዋሽ» ናት። ከተማዋ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የሚያያት ሰው ነው። መስተዋድድ የነገሩ ጠባይ አይደለም፤ ተናጋሪው ነገሩን ያየበት መንገድ ነው። «ኤርፖርት አት ነው ወይስ ኢን?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ «አንተ እንዴት አየኸው?» የምላችሁ ለዚህ ነው እንጂ ለማሾፍ አይደለም።

የሐረር ልጆች እንዳትቀየሙ፣ የናንተ ግንብ ለዚህ ትምህርት ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ጀጎልን አስቡት። ግንቡ ላይ ማስታወቂያ ብትለጥፉ «ኦን ዘ ዎል» ነው፤ ገጹን ነክቷል። አምስቱ በሮች ግን፣ ሸዋ በር፣ ኤረር በር እና ሌሎቹ፣ «ኢን ዘ ዎል» ናቸው፤ በር ግንብ ላይ አይለጠፍም፣ ግንቡን ሰንጥቆ ይገባል። ጅቦቹ የሚሾልኩባቸው ቀዳዳዎችም እንደዚያው «ኢን» ናቸው። አስጎብኚ ሆኖ «ሆልስ ኦን ዘ ዎል» ያለ ሰው ቱሪስቱ ግንቡ ላይ የተሳለ የቀዳዳ ሥዕል እንዲጠብቅ ያደርገዋል። በሩ አጠገብ የምትቀጣጠሩ ከሆነ ደግሞ «አት ዘ ጌት»። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ «ስሩ ዘ ጌት»።

አሁን የ«ላይ» ተራ ደረሰ።

«በ»ን ትተን ወደ «ላይ» ስንሸሽ «ላይ» ራሱ ያታልለናል። አማርኛ ውስጥ «ላይ» ከገጽ በላይ ሆኗል። ስብሰባ ላይ ነኝ እንላለን። ሠርግ ላይ ተገናኘን እንላለን። ፎቶው ላይ አለህ፣ ጋዜጣ ላይ አነበብኩ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም እንላለን። ይህን ሁሉ «ኦን» ካደረጋችሁት አለቀላችሁ። «አይ አም ኦን ሚቲንግ» የሚለውን ከስንት ቢሮ ሰምቻለሁ! ሰውየው ስብሰባው ላይ ተቀምጦበት ይሆን ያሰኛል። «ኢን ኤ ሚቲንግ» ነው፤ ስብሰባው ከቦታል። ሠርግ፣ ቀብር፣ ግብዣ፣ ኮንሰርት «አት» ናቸው፤ ሰው የሚሰበሰብባቸው ነጥቦች ናቸው። ሥራ ላይ ያለ ሰው «አት ወርክ» ነው። ፎቶ ውስጥ ያለ ሰው «ኢን ዘ ፒክቸር» ነው፤ እንግሊዝኛ ፎቶን እንደ ወረቀት ሳይሆን እንደ መስኮት ነው የሚያየው። ጋዜጣም «ኢን» ነው። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ ፌስቡክ ግን «ኦን» ናቸው፤ እዚህ «ላይ» ልክ ሆኖላችኋል፣ ደስ ይበላችሁ።

ለድሬ ሰው ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ፀሐዩ ነው። «ፀሐይ ላይ» በእንግሊዝኛ «ኢን ዘ ሰን» ነው። ፀሐይ ይከባችኋል፣ ዝናብም ይከባችኋል፣ ጥላም እንደዚያው፤ ሁሉም «ኢን»። «ኦን ዘ ሰን» ያለ ሰው ፀሐይዋ ድረስ ሄዶ አርፏል። በርግጥ በሰኔ ቀትር የደቻቱን ደረቅ ወንዝ በእግሩ የተሻገረ ሰው ልዩነቱ ብዙም አይታየውም።

ዛፍም አስቂኝ ነው። ማንጎው «ኦን ዘ ትሪ» ነው፤ ወፉ «ኢን ዘ ትሪ» ነው። ማንጎው የዛፉ አካል ነው፣ ተንጠልጥሏል። ወፉ ከቅርንጫፎቹ መሀል ገብቷል።

ወደ ባጃጁ ልመለስ። አጭር ነው። ቆማችሁ መራመድ የምትችሉበት፣ ሰው የሚጫንበት ትልቅ ነገር «ኦን» ነው፤ ባስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ መርከብ። ጎንበስ ብላችሁ ገብታችሁ የምትቀመጡበት «ኢን» ነው፤ ቤት መኪና፣ ታክሲ፣ ባጃጅ። እግራችሁን አንፈራጣችሁ የምትወጡበት ደግሞ፣ ፈረስ፣ ሞተር፣ ብስክሌት፣ እንደገና «ኦን»። ሚኒባስ? ሁለቱንም ትሰማላችሁ፤ ማንም አይስቅባችሁም። አይሱዙ ከሾፌሩ ጎን ከተቀመጣችሁ «ኢን» ነው፤ ጭነቱ አናት ላይ ከወጣችሁ «ኦን» ነው፣ ትራፊክ ፖሊስም አለ። በምን መጣህ ለሚለው ግን አንድ መልስ ነው፤ «ባይ ባስ»፣ «ባይ ትሬይን»፣ መሀል ላይ «ኤ» ወይም «ዘ» ሳይገባ። በእግር ከሆነ ግን «ኦን ፉት» ነው።

ሌላው ደግሞ ምንም የማያስፈልግበት ቦታ ነው። ወደ ቤት ሄድኩ ስንል «ወደ» ስላለች «ጎ ቱ ሆም» እንላለን። «ጎ ሆም» ነው። እዚህ፣ እዚያ፣ ውጭ አገር፣ ፎቅ ላይ መውጣት፣ ሁሉም ባዶ ናቸው።

እሺ፣ ጊዜ።

ለጊዜ «ጋ» አይሠራም፤ እዚህ ሌላ መንገድ አለ። ከትልቅ ወደ ትንሽ ውረዱ። ትልቁ፣ ማለትም ዘመን፣ ዓመት፣ ወር፣ ወቅት፣ «ኢን» ነው። ቀን «ኦን» ነው። የሰዓቱ ጫፍ «አት» ነው። ሐረር ለምትሠሩ አስጎብኚዎች ሦስቱንም የያዘች አንዲት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ፤ የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት ስታስጎበኙም ትሆናችኋለች። አርተር ራምቦ ሐረር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ «ኢን 1880»። ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰና ማርሴይ ውስጥ ኅዳር ወር፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 10 ቀን 1891፣ በ37 ዓመቱ ሞተ። አማርኛው «በ» እና «ቀን» ብሎ አለፈው። እንግሊዝኛው «ኢን ማርሴይ፣ ኦን 10 ኖቬምበር 1891፣ አት ዘ ኤጅ ኦፍ 37» ይላል። ቀኑን አውጥታችሁ ወሩን ብቻ ብትተዉት «ኦን» ይጠፋና «ኢን ኖቬምበር 1891» ይሆናል። ዕድሜ «አት» የሆነው መለኪያ ላይ ያለች ነጥብ ስለሆነ ነው። ከፍታም፣ ሙቀትም፣ ፍጥነትም እንደዚያው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ ሁለቱም «አት»። የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ጆሯችሁ የሚደፈነው በነዚህ ሁለት «አት» መሀል ነው።

ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ምሽት «ኢን ዘ» ይወስዳሉ፤ ማታ ግን «አት ናይት»። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ እንደ ዘመድ ስም ያዙት። የቀን ስም ከተጨመረ ቀኑ ያሸንፋል፤ «ኦን ሰንዴይ ሞርኒንግ»። ቁልቢን ውሰዱ። ሐምሌ 19 በፈረንጆቹ ምንጊዜም ጁላይ 26 ነው፤ «ኦን 26 ጁላይ»። ታኅሣሥ 19 ደግሞ ዲሴምበር 28 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን በቀጣዩ ዓመት 29 ላይ ይውላል። ለውጭ እንግዳ ቀኑን ከመጻፋችሁ በፊት ይህን እዩ። «ኦን»ን በትክክል ጽፋችሁ ቀኑ ከተሳሳተ ሰውየው ክፍሉን ለባዶ ሌሊት ይይዛል።

የሰዓቱ ነገርማ አይነሳ። የሐረር ጅብ ማብላት ሊያይ የመጣ ቱሪስት አለ እንበል። አስጎብኚው «ዊ ሚት አት ዋን ኦክሎክ» ብሎ ጻፈለት። አት ልክ ነው፤ ሰዋስዉ መቶ በመቶ። ቱሪስቱ በቀትር፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ካሜራውን አንግቶ ይጠብቃል። ጅቡም የለ፣ አስጎብኚውም የለ። የኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት የነሱ ሰባት ፒኤም ነው። ስድስት ጨምሩ ወይ ቀንሱ፤ ከዚያ ኤኤም ወይ ፒኤም ጨምሩበት። ዓመተ ምሕረቱም እንደዚያው፤ «ኢን 2010» ስትሉ የየትኛውን 2010 ነው?

አሁን «በ» የምትጎትተንን ሌላ ጉድጓድ እዩ። ባለፈው ሳምንት፣ በሚቀጥለው ወር፣ በዚህ ዓመት። ሁሉም «በ» አላቸው፤ ስለዚህ «ኢን ላስት ዊክ» እንላለን፣ «ኢን ኔክስት መንዝ» እንላለን። ላስት፣ ኔክስት፣ ዚስ፣ ኤቭሪ ካሉ ከፊታቸው ምንም አይግባ። «ላስት ዊክ» ብቻ። ይቺን አንዷን ስህተት ብቻ ብትተዉ እንግሊዝኛችሁ በአንድ ሌሊት ይቀየራል፤ ማጋነኔ አይደለም።

ሌላም አለ። «ከሦስት ዓመት በፊት» የሚለው። «በፊት» ስላለ «ቢፎር ስሪ ይርስ» እንላለን፤ ስህተት ነው። ከአሁን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ «ስሪ ይርስ አጎ» ነው፤ «አጎ» ደግሞ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። «ከሦስት ዓመት ጀምሮ»ም «ሲንስ ስሪ ይርስ» ይሆንብናል። «ሲንስ» የሚፈልገው የተጀመረበትን ነጥብ ነው፤ ሲንስ ሰኞ፣ ሲንስ 2018፣ ሲንስ ከተመረቅኩ። ርዝመት ከሆነ «ፎር» ነው፤ ፎር ሦስት ዓመት። በቃ።

ይኸው ገንዘብ የሚያስከፍለን ስህተት ጋ ደረስን። እባካችሁ ስልኮቻችሁን ለጊዜው ገልብጧቸው።

«እስከ»። እስከ ዓርብ እዚህ ነኝ። እስከ ዓርብ እልክልሃለሁ። ለኛ ሁለቱም «እስከ» ናቸው። ልዩነቱን የምትይዘው ግሷ ናት፣ እኛም ሳናስበው እንረዳዋለን። እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ ርኅራኄ የለውም። የመጀመሪያው «አንቲል» ነው፤ መኖሬ ሳይቋረጥ ዓርብ ድረስ ይዘልቃል። ሁለተኛው «ባይ» ነው፤ መላኩ አንዴ ይሆናል፣ ያም ዓርብ ከማለፉ በፊት ነው።

አንድ ትራንዚተር ለደንበኛው እንዲህ ጻፈ እንበል፤ «ዊ ዊል ሰንድ ዘ ዶኩመንትስ አንቲል ፍራይዴይ»። እሱ ማለት የፈለገው ቢዘገይ ቢዘገይ ዓርብ ሰነዱ ይደርስሃል ነው። ደንበኛው ያነበበው ሌላ ነው። እስከ ዓርብ ድረስ ሰነድ ሲላክ ሲላክ ይቆያል፣ ዓርብ ላይ ያቆማል። «ስንት ሰነድ ነው?» ብሎ ይደውላል፣ ወይም የመጨረሻው ይድረሰኝ ብሎ ሰኞን ይጠብቃል። ሰኞ ድረስ ኮንቴይነሩ ወደቡ ላይ ቆሟል፤ የቆመ ኮንቴይነር ደግሞ በነፃ እንደማይቆም ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የተሳሳተው አንድ ቃል ነው።

ሆቴልም ያው ነው። «ፕሊስ ፔይ አንቲል ቱዝዴይ» ብትሉት እንግዳው በየቀኑ ክፈል የተባለ ይመስለዋል። «ባይ ቱዝዴይ» በሉት። ክፍሉን የሚለቅበትን ሰዓት ስትጽፉ «ቼክ አውት ባይ 12»፤ መውጣት አንዴ ነው። ቁርስ ግን «አንቲል 10»፤ ቁርሱ ይዘልቃል። ራሳችሁን የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው። ድርጊቱ ይዘልቃል ወይስ አንዴ ሆኖ ያበቃል? ከዘለቀ አንቲል፣ ካበቃ ባይ።

«ባይ ፍራይዴይ» ዓርብን ራሱን ይጨምራል፤ «ቢፎር ፍራይዴይ» ግን አይጨምርም፣ ሐሙስ ማታ ያልቃል። ማመልከቻ የምትልኩ ተማሪዎች ይቺን ቀይ አስምሩባት። ውል ላይ ደግሞ «አንቲል 30 ጁን» የሚል ካያችሁ 30ኛው ቀን ይቆጠራል አይቆጠርም ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ስለሚከራከሩበት «ቀኑን ጨምሮ» የሚል ሐረግ ያስገባሉ።

ከዚያ «ውስጥ» እና «በኋላ»። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደርሳል» ስንል «አፍተር ቱ ዊክስ» ይመጣልናል። ከአሁን ተነስታችሁ ወደፊት ስትቆጥሩ እንግሊዝኛው «ኢን ቱ ዊክስ» ነው። አዎ፣ «ኢን»። ትርጉሙም ሁለቱ ሳምንት ሲሞላ፣ እዚያ አካባቢ ማለት ነው። እኛ ግን «ኢን» ስናይ «ውስጥ» ብለን እንተረጉመውና ነገም ሊደርስ ይችላል ብለን መጋዘን ጠርገን እንጠብቃለን። «በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ከዚያ ሳያልፍ» ማለት ከፈለጋችሁ «ዊዚን ቱ ዊክስ» ነው። አቅራቢ «ኢን» ብሎ ሲጽፍላችሁ፣ የምትፈልጉት የመጨረሻ ቀን ከሆነ «ዊዚን» በል በሉት። ወይም ከሁሉም የሚሻለውን አድርጉ፤ ቀኑን በቁጥር አስጽፉት።

«ኦን ታይም» እና «ኢን ታይም»ም ይለያያሉ። ባቡሩ በተባለው ሰዓት ከተነሳ «ኦን ታይም» ነው። እናንተ ሳያመልጣችሁ ከደረሳችሁ «ኢን ታይም» ነው። ባቡሩ ዘግይቶ፣ እናንተም ዘግይታችሁ፣ «ኢን ታይም» ልትደርሱ ትችላላችሁ። አገራችን ውስጥ ብዙዎቻችን የተረፍነው በዚህ ነው።

ከጥያቄዎቹ ልጨምር።

አንዲት የእንግዳ ተቀባይ ሠራተኛ፦ «ቲቸር፣ ፋርማሲው ባንኩ ፊት ለፊት ነው ስላቸው እንግዶች አያገኙትም። ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?» «ኢን ፍሮንት ኦፍ» ብለሻቸው ነዋ! ባንኩ ደጃፍ ላይ ቆመው ዙሪያቸውን ይፈልጋሉ፤ ፋርማሲው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። መንገድ ከለያቸው «ኦፖዚት» በያቸው። «ኢን ፍሮንት ኦፍ» እዚያው ባንኩ ደጅ የቆመው ባጃጅ ነው። የኛ «ፊት ለፊት» ሁለቱንም ስለሚይዝ ነው።

አንድ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ ስልኩ መንገድ ሲመራው «ኦን ዘ ሌፍት» ለምን እንደሚል ጠየቀ። ጎን እንደ መስመር ነው የሚታየው፤ በስተቀኝም በስተግራም «ኦን»። ማዕዘን ግን ሁለት ዓይነት ነው። የመንገድ ማዕዘን ከውጭ ስለሚታይ «ኦን ዘ ኮርነር» ወይም «አት ዘ ኮርነር» ነው፤ የክፍል ጥግ ግን ሰውን ስለሚያቅፍ «ኢን ዘ ኮርነር»። ተሳፋሪ «አት ዘ ኮርነር» ካለህ መታጠፊያው ጋ አቁምለት።

የመጨረሻው ጥያቄ የአንድ ተማሪ ነበር፤ ለውጭ ትምህርት የቋንቋ ፈተና እየተዘጋጀ ነው። ቅዳሜና እሑድን አንዱ መጽሐፍ «አት ዘ ዊክኤንድ»፣ ሌላው «ኦን ዘ ዊክኤንድ» ስላለው የቱን ይጻፍ? አት የእንግሊዝ ነው፣ ኦን የአሜሪካ ነው። መንገድ ላይ የሚለውም እንደዚያው ነው፤ እንግሊዝ «ኢን ዘ ስትሪት» ትላለች፣ አሜሪካ «ኦን ዘ ስትሪት»። አንዱን ምረጥና እስከ መጨረሻው እሱን ጻፍ፣ አታደባልቅ። «ኢን ዘ ዊክኤንድ» ብቻ አትበል።